አባቷ ሲገቡ የሚጠፋው ሞኒተር

ሞኒተሩ እንደገና ጨለመ። ያውም መቼ? አለቃዋ በኢንተርኔት ስብሰባው መሀል «እስቲ የደረጃውን ሥዕል አሳዪን» ባላት ቅጽበት። ድፍን ያለ ጥቁር ሆነ። ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ተመልሶ በራ፤ የከፈተቻቸው ሥዕሎች ግን ሁሉም ተተራምሰው፣ ግማሾቹ ከጎን ወዳለው ላፕቶፕ ሸሽተው ነበር። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» እያለች ስታስስ አለቃዋ «ዛሬም?» አላት። በዚያች «ዛሬም» ቆሽቷ አረረ።

ቤተሰቡ ክብሪት ነው የሚላት። የሕንፃ ፕላን ትሠራለች፤ ቢሮዋም የገዛ ቤቷ የጓሮ ክፍል ነው። ላፕቶፑ ለሥዕል ስለሚጠባት ትልቅ ሞኒተር በገመድ አያይዛለታለች። በሥራዋ የሚያማት የለም፤ ቁጣዋ ግን አፍንጫዋ ላይ ነው፣ ለመጫር ብዙ አትፈልግም። አለቃን ደግሞ መቆጣት አይቻልም። ስለዚህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ዞር ብላ ሞኒተሩ ሲጨልም ገብተው በሩ ላይ በቆሙት አባቷ ላይ አፈጠጠች።

«ሻይ ላፍላልሽ ወይ ልልሽ ነው» አሉ አባቷ።

«አልፈልግም አባዬ! ስብሰባ ላይ ነኝ!»

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ናቸው፤ ወደ እሷ የመጡት እናቷ ካረፉ በኋላ ነው። ወንድሟ «እኔ ልውሰዳቸው» ሲል፣ «ያንተ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበታቸውን ልትጨርስ ነው?» ብላ ተሟግታ ያመጣቻቸው ራሷ ናት። ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ አንድ ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲገባ መነሳት። «ተቀምጦ የሚቀበል ድንጋይ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ክብሪትም ይህ ደሟ ውስጥ ገብቷል። አባቷን ስትቆጣቸው እንኳ መጀመሪያ ብድግ ትላለች፤ ከዚያ ትቆጣለች።

ለሞኒተሩ ያላደረገችለት ነገር የለም። ገመዱን ነቅላ ሰካች። አሮጌውን ጥላ አዲስ ገዛች። ሶኬት ቀየረች። ኃይል ይቆጥባል የተባለውን ምርጫ ሁሉ አጠፋች። ተመሳሳይ መዓት የወረደባቸው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን አነበበች፤ ግማሾቹ «አጥፍተሽ አብሪው» ይላሉ፣ ግማሾቹ ከእሷ ብሰው ይሳደባሉ። በስድቡ ትንሽ አንጀቷ ራሰ፤ ሞኒተሩ ግን ያው ነው።

በማግስቱ የጥገና ባለሙያ አስመጣች። ሰውየው ወገቡን ያመዋል መሰል አልቀመጥም ብሎ፣ ቆሞ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሲነካካ አረፈደ። እሷ ክንዶቿን አጣምራ ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀች። ሞኒተሩ እንግዳ ሲመጣ ጨዋ እንደሚሆን ባለጌ ልጅ ጸጥ ብሎ በራ። አንዴም አልጠፋም።

«ይሄ እኮ ምንም የለውም» አላት ሰውየው።

«እኔ ላይ ነው የሚጠፋው!»

«ምናልባት አጠገቡ የሚረብሸው ሌላ መሣሪያ ይኖር ይሆናል። መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?»

አሰበች። ትናንት አባቷ ስለ ሻይ ሊጠይቁ ሲገቡ። ከዚያ በፊት መነጽራቸውን ፍለጋ ሲገቡ። ከዚያም በፊት «ሰው መጥቷል» ሊሏት ሲገቡ።

«አባቴ ሲገቡ» አለች። ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርመራው ከሞኒተሩ ተነስቶ በሽማግሌው ላይ ዞረ። ከኪሳቸው የማትለይ ትንሽ ሬዲዮ አለቻቸው። «አባዬ፣ እሷን ሳሎን ትተው ይግቡ» አለቻቸው። ትተው ገቡ፤ ጨለመ። ከዘራቸው ወለሉ ላይ ያለውን ገመድ እየነካ ይሆናል ብላ ከዘራውን በር ላይ አስቀረችባቸው። ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ፤ ጨለመ። አሁን ከአባቷ ጋር የቀረው የኤሌክትሪክ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጆሯቸው ውስጥ ያለችው የማዳመጫ መሣሪያ።

«እሷንም ያውጧት።»

«ጆሮዬን?»

«ባትሪ አላት እኮ አባዬ። የምትረብሸው እሷ ሳትሆን አትቀርም።»

«ያለሷ እኮ አልሰማሽም።»

«እኔ ክፍል ሲገቡ ብቻ ነው!»

አሁን ይህ ከልጅ አፍ የሚወጣ ነገር ነው? አባቷ ግን መሣሪያዋን አውጥተው በመሐረብ ጠቀለሉና የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። እንዲያውም ቀለዱ፤ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔ ደግሞ ጭራሽ ተሰደደ» አሉ። ማንም አልሳቀላቸውም።

የስብሰባዎች ሁሉ ስብሰባ ደረሰ። ሕንፃውን የሚያሠሩት ሰውዬ ራሳቸው የሚገኙበት ነው። አለቃዋም «ዛሬ ቢጠፋብሽ ሥራውን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው» ብሎ አስጠንቅቋታል። ክብሪት ሥዕሉን ዘርግታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ማስረዳት ስትጀምር በሩ ተበረገደ።

«ልጄ፣ የኩሽናው ቧንቧ ፈንድቷል! ውኃው ወለሉን ሞላው!» አሉ አባቷ። የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንምና ጩኸታቸው ስብሰባውን አናጋው። እሷም ብድግ አለች። ሞኒተሩም ጨለመ።

«ይውጡ!» አለች።

አልሰሙም።

«ይውጡልኝ አልኩ እኮ!»

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ጠጋ አሉ። «ምን አልሽኝ?»

«አንተ የገባህበት ሁሉ ይጨልማል!»

ከተወለደች ጀምሮ አባቷን «አንተ» ብላ አታውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተከትሎ የሚይዘው የለም። የቀረውን ሁሉ ያልሰሙት ሰው ይህቺን ሰሙ። ከከንፈሯ ይሁን ከፊቷ አይታወቅም፤ ብቻ ሰሙ። ባለቤታቸው በተቀበሩ ቀን የነበረው ፊት ፊታቸው ላይ ተመለሰ። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሄዱና ብቻቸውን ወለሉን ይጠርጉ ጀመር።

ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። ሞኒተሩ ሲበራ የስብሰባው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው። ሕንፃውን የሚያሠሩት ሰውዬ «እንቀጥል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ። ሥራውን ማንም አልወሰደባትም። እሷም ወደ ኩሽና ብቅ አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ መጣ። አባቷ ራሳቸው ደውለው ጠርተውት፣ ሻንጣቸውንም ራሳቸው ሸክፈው ቆይተውታል።

«ምን አድርገሻቸው ነው?» አላት ወንድሟ በር ላይ።

«ምንም።»

አባቷ «ደህና ሁኚ ልጄ» ብለው ወጡ። ቢቆጧት፣ ቢረግሟት ምን ነበረበት! ያ «ልጄ» ማለታቸው ነው ይበልጥ ያናደዳት።

ከዚያ ወዲያ ሞኒተሩ አልጠፋም። እሷ ተቀምጣ፣ እሱ በርቶ፣ ተፋጠው ቆዩ። «አላልኩም?» አለች ለባዶው ክፍል። እውነት እንደያዘ ሰው ደስ ሊላት ሲገባ ውኃ እንኳ አልወርድ አላት። አመሻሹ ላይ ወንድሟ ደወለ።

«ምን ብለሻቸው ነው አንቺ? ብንጠራቸው አይሰሙም፣ መሣሪያዋን ያድርጉ ብንላቸው እምቢ አሉ። ኪሳቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል።»

«አንድ ቀን ሳታሳድራቸው መረሩህ? እኔ ስንት ጊዜ ስይዛቸው ማን ጠየቀኝ?» ብላ በንዴት ከወንበሯ ብድግ አለች።

ሞኒተሩ ጨለመ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ቤቱ ውስጥም ማንም የለም። ሞኒተሩ ተመልሶ በራ። ተቀመጠችና ብድግ አለች፤ ጨለመ። ተቀመጠችና እንደገና ብድግ አለች፤ አሁንም ጨለመ። «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል ወንድሟ። ዘጋችበት።

ወንበሩ ነው። ያ ከፍ ዝቅ የሚለው፣ ከሥሩ በጋዝ የተሞላ ቱቦ ያለው የቢሮ ወንበር። ሰው ድንገት ሲነሳለት የኤሌክትሪክ ንዝረት ቢጤ ይለቅና ንዝረቱ በገመዱ በኩል ሞኒተሩን ለአፍታ ያሳውረዋል። ስትፈልግ አገኘችው፤ ስንቱ ሰው ደርሶበት፣ ስንቱ ጽፎታል። ለራሷ ጉዳይ ስትነሳ ጀርባዋን ሰጥታ ስለምትወጣ አይታው አታውቅም። ከሥራዋ መሀል፣ ዓይኗን ከሞኒተሩ ሳትነቅል ብድግ የምትለው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ወንበሩን በእርግጫ አለችው። ተሽከርክሮ ቆመ፤ የተጎዳው የእግሯ ጣት ነው። ወንበሩን ሰደበች፣ ወገቡን ያመመውን ባለሙያ ሰደበች፣ ከዚያ የሚሰደብ ሰው አለቀባት። «ደንቆሮዋስ እኔ!» አለችና ቦርሳዋን ሳትይዝ ወጣች።

የወንድሟን ቤት ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣችው። አባቷ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሟና ሚስቱ እራት እያቀረቡ ነበርና ሳህን እንደያዙ ቆሙ።

«ወንበሩ ነው አባዬ! እርስዎ አይደሉም፣ ወንበሩ ነው!»

አባቷ አዩዋት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚያዩት። ወደ ሸሚዛቸው ኪስ በጣቷ አመለከተች። መሐረቡን አውጥተው ቀስ ብለው ፈቱትና መሣሪያዋን መዳፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ።

«እዚህስ አትረብሽም?» ብለው ጠየቋት። ለአሽሙር አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

«አትረብሽም» አለች ክብሪት።

ጆሯቸው ውስጥ አደረጓት። እሷም ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ወንበሩን፣ ቱቦውን፣ ብድግ ማለቷን። አባቷ መካኒክ አይደሉ? አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በጥሞና አዳመጧት።

«ስትነሺ ነው የሚጠፋው?»

«አዎ! ለእርስዎ ስነሳ!»

«ገባኝ» አሉ። «ሞኒተሩን ያጠፋው ወንበሩ ነው። እሱ ተገኘ፣ ጥሩ ነው።» ጆሯቸው ውስጥ ያለችውን መሣሪያ በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ያንን ቃል ያናገረሽም ወንበሩ ነው?»

የወንድሟ ሚስት ዓይኗን ወደ ሳህኑ ሰበረች። ክብሪት የምትቆጣው ሰው ፈለገች። አንድም አላገኘችም።

«አይደለም» አለች።

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም።

«እንግዲያው ወንበሩን ብትለውጪውም፣ እኔ እዚሁ ልሰንብት፣ ልጄ» አሉ።