የሶሲና መቶ ሃምሳ ቃል

ጅግጅጋ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ ሰላሳ ዓመት ሞላኝ። እኔ አሥራት ጽፌው ሳይነበብ የቀረ ወረቀት የለም። ጉራ ከመሰላችሁ ኸሊፍን ጠይቁት፤ ከጎኔ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ነው፣ ለማንም አያዳላም።

ታዲያ ልጄ ሶሲና ለሕክምና ኮሌጅ ነፃ የትምህርት ዕድል ስታመለክት ሌላ ጸሐፊ ሊፈለግላት ነው? ዕድሉ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ካመለጣት ሕክምና የሚባል ነገር ቀረ፤ ከፍዬ የማስተምርበት አቅም የለኝም። ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ የሠራሽውን ስህተትና ከዚያ በኋላ ያደረግሽውን በመቶ ሃምሳ ቃል ግለጪ ይላል።

ሳቄ መጣ። ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፎ የሚፈርም አመልካች የት አለ? እኔ አንድም ደንበኛዬን “አጥፍቻለሁ” አስብዬ አላውቅም። “ክቡራን ሆይ” ብዬ ጀመርኩ። እናቷ የአልጋ ቁራኛ መሆኗን ጻፍኩ፤ እናቷማ ደህና ናት፣ ገበያ ሄዳለች። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አንዳች ጥፋት እንዳልተገኘባት ዘረዘርኩ። ሁለት ገጽ ሞላ። ኸሊፍ አንብቦ ዓይኑን ጠረገ።

ሶሲና ግን አንብባ አጣጥፋ መለሰችልኝ። ያምራል፣ ግን የተጠየቅሁትን አይመልስም አለችኝ። ጥያቄ አልመለስክም የተባልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ፣ አሥራት። ደሜ ፈላ። እንግዲያው ራስሽ ጻፊ፣ ስትወድቂ ግን እንዳትመጪብኝ አልኳት። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። ራሷ ጽፋ ላከችው።

በወሩ ስልኳን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ተቀብለዋታል። ምን ብለሽ ጻፍሽላቸው አልኳት። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ።

“ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ሳስተረጉም፣ ከአውበሬ የመጡ ሀይቤ የሚባሉ እናት፣ ኪኒናቸውን ከእህታቸው ጋር እየተካፈሉ እንደሚውጡ በሶማሊኛ ነገሩኝ። ሐኪሙ እንዳይቆጣቸው ብዬ ‘በደንብ ይውጣሉ’ አልኩት። እሱም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ጨመረባቸው። አባቴ የሰውን ቃል አሳምሮ ይጽፋል፤ እኔም የእሳቸውን ቃል አሳመርኩ። በማግስቱ ለሐኪሙ እውነቱን ነግሬ አውበሬ ሄድኩ። የተጨመረውን መጠን ሳይጀምሩት ደረስኩ። ስመለስ እህታቸውንም ይዤ መጣሁ፤ ለካ እሳቸውም ታመው ነበር።”

አባቷን ከነሥራው ጽሑፏ ውስጥ አስገብታኛለች፣ ያውም ሳትዋሽ። አፈርኩ፤ ግን ከማፈሬ ይልቅ ኮራሁ። ሰላሳ ዓመት የጻፍኩት ሁሉ ቢሰበሰብ እነዚያን ጥቂት መስመሮች አያክልም። እንደዚያ ብዬ ነገርኳት፤ ግንባሯንም ሳምኳት።

ኸሊፍ ማሽኑን ትቶ ቆሞ ነበር። በዚህ መሀል አንድ ደንበኛ መጣ፤ ጎረቤቱን በድንጋይ ፈንክቶ ተከሷል። ጫፉን አልነካሁትም ብለህ አሳምረህ ጻፍልኝ አለኝ። ወንበር ሳብኩለት።

“መጀመሪያ የሆነውን እንደሆነው ንገረኝ” አልኩት። “ይቺ ዶክተሯ ልጄ ናት። ትሰማሃለች።”