አባቴ ያሰረው ጣሪያ

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላ ፔርላ በሚባለው የጨርቅ መደብር በረንዳ ስር አልፌ አላውቅም። በከተማችን በካርሜን ወደ ወደቡ የሚወርድ ሰው ሁሉ በአሮጌዎቹ መደብሮች በረንዳ ስር ጥላ ለጥላ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ላ ፔርላ ጋ ስደርስ ወደ መንገዱ ወርጄ በፀሐይ እሄዳለሁ፤ ዝናብ ከሆነም እበሰብሳለሁ። ኤምፓናዳ፣ እንደ ሳምቡሳ ያለ ነገር፣ የምጠብስበትን ጋሪዬንም ፊት ለፊቱ ነው የማቆመው። ሰው ይስቅብኛል።

«ኦብዱሊያ፣ ጥላው ነከሰሽ እንዴ?»

«አዎ ነከሰኝ» እላለሁ።

ነገሩ የአባቴ ነው። አባቴ ኒካኖር ጣሪያ ሠሪ ነበር። የመደብሮቹ ጣሪያ ቀይ ሸክላ ነው፤ ድሮ ቀለም የሚወጣበትን እንጨት ሊጭኑ የሚመጡ መርከቦች ባዷቸውን እንዳይሆኑ ለክብደት ብለው ከፈረንሳይ አገር ያመጡት። ሸክላው ከስሩ ቀዳዳ ያለው ጉጥ አለው። ሌላ አገር እንዲሁ ይደረድሩታል አሉ። እኛ ጋ ግን በብርዱ ወራት ኖርቴ፣ ያ የሰሜን ነፋስ፣ ከባሕሩ ሲነሳ ያልታሰረ ነገር አይተውም። ስለዚህ በሰሜን በኩል ያለው ሸክላ አንድ ሳይቀር በመዳብ ሽቦ ይታሰራል። አባቴ መጀመሪያ ዓሣ አጥማጅ ስለነበር ሽቦውን የሚቋጥረው እንደ መረብ ነው፤ ሁለቴ ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። እንደሱ የሚቋጥር ሌላ ሰው አልነበረም።

የላ ፔርላን ጣሪያ በሠራ በሁለተኛው ዓመት ኖርቴ መሀሉን ገለጠው። የባለቤቱ የዶን ፉልሄንሲዮ ጨርቅ ሁሉ ራሰ። ሰውዬው ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ኒካኖር ሽቦውን ሸጦ ሸክላውን እንዲሁ ደርድሮልኛል!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ፣ «አስሬዋለሁ ጌታዬ፣ ይውጡና ይዩት» አለው።

«ሌባ በሠራው ጣሪያ ላይ አልወጣም!»

ማንም ሽቦውን ልይ ብሎ አልወጣም። ቀዳዳውን የሰውዬው ሠራተኞች በቆርቆሮ ደፈኑት። ከዚያ በኋላ ለአባቴ ሥራ የሰጠው የለም። ሦስት ዓመት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሞተ።

ዘንድሮ አሮጌዎቹን መደብሮች ማደስ ተጀመረና የላ ፔርላም ተራ ደረሰ። ሥራውን የሚመራው ባልታሳር የሚባል ከሜሪዳ ከተማ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋሪ አራት ኤምፓናዳ ይበላል።

«ነገ ሸክላውን እናወርዳለን» አለኝ አንድ ቀን።

«እኔም እወጣለሁ።»

«የት?»

«ጣሪያው ላይ ነዋ!»

«ዶኛ ኦብዱሊያ፣ መሰላሉ እኮ...» ብሎ ወገቤን አየ።

«ጨርሰው እንጂ! አንተን ከነኤምፓናዳዬ የተሸከመ መሰላል እኔን ያቅተዋል?»

አብረውት የነበሩት ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። በማግስቱ ወጣሁ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። የፈራሁት ግን መሰላሉን አይደለም። ሽቦ ባይኖርስ? ይህን ሁሉ ዓመት በፀሐይ የተቃጠልኩት በከንቱ ቢሆንስ?

ባልታሳር በሰሜን በኩል አንድ ሸክላ ይዞ ሳበ። እምቢ አለው። ሌላውን ሳበ፤ እሱም እምቢ። «ታስሯል» አለ። እጄን ከስሩ አስገብቼ ዳሰስኩት። ሁለቴ ተጠምዝዟል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ተመልሷል። እዚያው ቁጭ አልኩ።

መሀሉ ላይ ቆርቆሮውን ሲያነሱ ከስሩ አራት የተቆረጡ የብረት እግሮች ወጡ፤ የውሃ ታንከር ማቆሚያ ናቸው። በዙሪያቸው ማገሩ ላይ የአባቴ ቋጠሮዎች አሉ፤ ሽቦው ግን በፒንሳ ተቆርጧል።

«ታንከሩን ያቆሙት ሰዎች ሸክላውን ፈተው መልሰው አላሰሩትም» አለ ባልታሳር።

ቋጠሮ ያለበትን አንድ ሸክላ ከነሽቦው ይዤ ወረድኩ። ዶን ፉልሄንሲዮ አርጅቷል፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ስር ወንበር ላይ ነው። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በረንዳው ስር ገባሁና ሸክላውን ጭኑ ላይ አኖርኩት። ሽቦውን በጣቱ ዳሰሰ።

«ይህ የኒካኖር እጅ ነው» አለ።

«ታንከሩንስ ያቆመው የማን ሰው ነው?»

ዓይኑን ከሽቦው ሳያነሳ መለሰ። «የኔ። እሱ ከጨረሰ በኋላ።»

«እንግዲያው ያኔ ሌባ እንዳሉት ሁሉ፣ ይህንንም ሰው እየሰማ ይበሉት።»

«ድምፄ አይወጣም፣ ልጄ።»

«እሱን ለኔ ይተዉት!» አልኩና ወደ መንገዱ ዞሬ፣ «ዝም በሉ! ዶን ፉልሄንሲዮ የሚናገረው አለ!» ብዬ ጮህኩ። መንገድ ዳር የምትውለው ዓሣ ሻጭ ቢላዋዋን እንደያዘች ቀረች። ሠራተኞቹ ከጣሪያው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኒካኖር አስሮት ነበር» አለ ሽማግሌው። «የፈታሁት እኔ ነኝ።»

አላለቀስኩም። ተመልሼ ወጣሁ። በባልታሳር የሥራ ዕቅድ ወረቀት ላይ ሽቦ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሰሜን በኩል ሳይታሰር አንድም ሸክላ እንደማይቀመጥ ነገርኩት። ቋጠሮውን ለሠራተኞቹ አሳየኋቸው። የመጀመሪያውን ረድፍ ራሴ አሰርኩ። ጣቴ ቆሰለ።

በማግስቱ ጋሪዬን ገፍቼ መንገዱን ተሻገርኩና በረንዳው ስር አቆምኩት።

«ኦብዱሊያ!» አለች ዓሣ ሻጯ። «ጥላው መንከስ ተወ እንዴ?»

«ጥርሱ ረገፈ» አልኳትና ዘይቱን እሳት ላይ ጣድኩ።