የሙሽራዋ ነጠላ

ጥለቱ ወደ ላይ ነበር። ይርጋለም ይህን ያየችው መጋረጃው ተከፍቶ፣ ልጇ እየሩስ በሙሽራ ቀሚስ መድረኩ መሀል ከቆመች በኋላ ነው። ወደ ታች መውረድ የነበረበት የነጠላው ጥለት አንገቷ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ለቀስተኛ እንደሚለብሰው። ያለበሰቻት ደግሞ ራሷ ይርጋለም ናት።

ዘንድሮ ወረታ ላይ ለቅሶ በዝቷል። ከትናንት ወዲያም ከጎረቤት ቀብር ነው የተመለሰችው። ከመጋረጃው ጀርባ ልጇን ስታለብስ ሐሳቧ የኪነት ቡድኑ ቅዳሜ በሚሄድበት የሐሙሲት ከተማ መንገድ ላይ ነበርና እጇ የለመደውን አደረገ።

ከመድረኩ ጥግ ሆና ብትጠቁማትም እየሩስ አላየቻትም። ኪቦርዱ ጀመረ። ቡድኑ በየዓመቱ የሚያሳየው በማሲንቆና በጭብጨባ የሚታጀበውን የድሮውን የሰርግ ጨዋታ ነበር። ዘንድሮ ግን የቡድኑ መሪ ታደለ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ከሙሽራው ስለለያት ልጅ አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት ጻፈ። እየሩስ ወንዙን እየተጣራች ስትዘፍን ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ቆመው አጨበጨቡ። የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ግን ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት ተነሡ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሌሎቹ፣ ከዚያም ሽማግሌዎቹ፣ ነጠላና ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ወጡ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ታደለ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አየሽ አይደል እትዬ ይርጋለም? የፊት ወንበር በሙሉ ባዶ።"

"ተማሪዎቹ እኮ ወደውታል" አለች እየሩስ።

"ተማሪማ መብራት ሲጠፋም ያጨበጭባል። ሐሙሲት የጠሩን ሽማግሌዎች ናቸው። የዛሬዎቹ ኪቦርድ አንፈልግም ብለው በእግራቸው ነገሩን። ቅዳሜ የድሮውን ይዘን እንሄዳለን።"

"የእኔ ዘፈንስ?"

"በድሮው ሙሽራ አትዘፍንም፤ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ለመቀመጡ ደግሞ በየዓመቱ ሙሽራ የምትሆነው መባ ለምዳዋለች። አንቺ እረፊ።"

እየሩስ ነጠላውን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣለችና ጀርባዋን አዞረች።

ይርጋለም ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም። መኪናው ቢገለበጥስ፣ መንገዱ ቢዘጋስ፣ ስልኳ ባይሠራስ ስትል ነው የከረመችው። አትሄጂም ማለት ደግሞ አልቻለችም፤ ልጅቷ ለዚህ ዘፈን ሦስት ወር ደክማለች። አሁን እሷ ምንም ሳትናገር ልጇ ቤቷ ልትቀር ነው። ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል።

አየር ልትቀበል ወጣች። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ፣ ቀድመው የተነሡት አሮጊት፣ ወይዘሮ ገላነሽ፣ የሚወስዳቸውን ሰው እየጠበቁ ተቀምጠዋል።

"ምነው ጥለው ወጡ እማማ? ኪቦርዱ አልተስማማዎትም?"

"ያ የሚያጓራው ነው? ጆሮዬን ቢያስቸግረኝም እሰማው ነበር። ልጅቱ ርብን ስትጣራማ አንጀቴን በላችው።"

"ታዲያስ?"

"ባሌን ይሄይስን ከቀበርሁ ገና ሰባት ወሬ ነው። ሙሽራ እንደኔ ለብሳ ሳይ መቀመጥ አቃተኝ። ሌሎቹም እኔን አይተው ነው የተነሡ።" አሮጊቷ የራሳቸውን ነጠላ ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ። "ማን ነው እንዲያ ያለበሳት? እናት የላትም?"

"አላት" አለች ይርጋለም፣ ቀስ ብላ።

ስትመለስ ታደለና እየሩስ በሣጥን የታሸገውን ኪቦርድ ተሸክመው ከአዳራሹ እየወጡ ነበር። ላዋሳቸው ሰው ሊመልሱት ነው። ባጃጁ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ፀሐይዋም ከሩዝ ማሳው ማዶ እየጠለቀች ነው። ይርጋለም ደረጃው ላይ ቆመችባቸው።

"ታደለ፣ ቆይ። ሰዎቹ የወጡት ለኪቦርዱ አይደለም። ነጠላውን የለቅሶ አድርጌ ያለበስኋት እኔ ነኝ።"

እየሩስ ሣጥኑን እንደያዘች እናቷን አየቻት።

"እማዬ፣ እንዳልሄድ ብለሽ ነው?"

"ሳላውቅ ነው" አለች ይርጋለም። "ካወቅሁት በኋላ ግን ዝም ብዬሻለሁ። ብትቀሪልኝ ብዬ።"

ባለባጃጁ አንገቱን አወጣ። "ልጫን ወይስ ታሪክ ልስማ? ሊመሽብኝ ነው።"

ታደለ አልሰማውም። "እና ሐሙሲትስ እትዬ? ትሂድ ነው የምትይው?"

ይርጋለም ማዶውን፣ አስፋልቱ የሚታጠፍበትን አየች።

"ዘፈኗን ይዛ ትሂድ።"

ባጃጁ ባዶውን ሄደ። እየሩስ እናቷን ሳታያት ሣጥኑን በአንድ ጫፍ አነሣች፤ ይርጋለም በታደለ ቦታ ገብታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ከባድ ነበር። ሁለቱም እርምጃቸውን አንዱን ከአንዱ እያስተካከሉ ወደ ውስጥ መለሱት። ታደለ እስኪወጡ ጠብቆ በሩን ገጠመና ቆለፈው።