የድንቹን ዘበኛ ዝም ያሰኘችው

ኦቦ ዲሪርሳ ሰው ለመጠርጠር የሚቸኩል ገበሬ አልነበረም። በ2008 ታኅሣሥ ግን፣ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱ በድንጋይ በተዘጋበት ሰሞን፣ ዓለም ገና ውስጥ ያልተጠራጠረ ማን ነበር? በመስኖ ያለማው ድንች ቅጠሉ ቢጫ እንኳ ሳይሆን፣ እንዳረንጓዴው ጠውልጎ ተኛ። ከሰሜን የመጣው ጎረቤቱ ነጋዴው ገብረየስ ደግሞ በዋዜማው የመድኃኒት መርጫ ፓምፕ አዝሎ በአጥሩ ጥግ ሲረጭ ታይቷል። አለቀ፤ መርዞብኛል!

«ዛሬውኑ ለሰፈሩ ጎረምሶች እነግራለሁ» አለ። ጎረምሶቹ እንዴት እንደጋሉ ጠፍቶት አይደለም፤ ንዴት ሲይዝ እንዲህ ያናግራል።

ልጁ ላሊሴ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት በሽታ ታጠናለች፤ ትምህርት ተቋርጦ ቤት ነበረች። ከጠወለገው ድንች አንድ ግንድ ቆረጠችና ጫፉን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠለችው።

«አባ፣ ከመሄድዎ በፊት ይቺን ይዩ።»

አየ። ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቁልቁል ወረደ። ቀጥሎ ሌላ። ውሃው ደፈረሰ።

«ያ ዋቅ፣ ያንተ ያለህ! ምንድን ነው?»

«ባክቴሪያ ነው። እዚህ ክር ውስጥ እልፍ አእላፍ ነፍስ አለ። ድንችም እኮ ዘበኛ አለው፤ ጠላት ሲነካው ነቅቶ ይከላከላል። ይቺ ግን የማትታይ መርፌ አላት። በመርፌዋ የምትወጋው ነገር ዘበኛውን ዝም ያሰኘዋል። ከዚያ ተባዝታ የውሃውን መንገድ ትደፍነዋለች።»

መርፌ! ዓይን የማያያት ፍጥረት መርፌ! ዲሪርሳ አርባ ዓመት አርሷል፤ ውርጩንም ዋጉንም ያውቃል። እግሩ ሥር እንዲህ ያለ ጦርነት እንዳለ ግን የነገረው የለም። ፈራም፣ ተደነቀም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ብርጭቆው ፊት ቁጢጥ አለ።

«ከየት መጣችብን?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከዘሩ ነው። አንድ የታመመ ድንች ካለ፣ እሱን የቆረጠው ቢላ ጤነኛውንም ይበክለዋል።»

ዲሪርሳ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ትልልቁን የዘር ድንች በአንድ ቢላ ለሁለት ለሦስት የከፈለው ራሱ ነው። ዘር የነፈገ ጎረቤት አይባልም ብሎ፣ ግማሹን ለገብረየስ የሰጠውም ራሱ ነው። ለካ ገብረየስ በዋዜማው ሲረጭ የነበረው የራሱን የጠወለገ ድንች ሊያድን ኖሯል።

ተነሥቶ የገብረየስን በር አንኳኳ። በዚያ ሰሞን በር ሲንኳኳ የማይደነግጥ አልነበረም።

«ማነው?» አለ ገብረየስ ከውስጥ፣ መዝጊያውን ሳይነካ።

«ዲሪርሳ ነኝ፣ ክፈትልኝ። ድንችህን የገደልኩት እኔ ነኝ።»