ደፋር ሁሉ የሚሞትበት መዝገበ ቃላት

ባሌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ አማርኛ ይመልሳል። መመለስ ከጀመረ ስንት ዓመቱ፣ ገና ከመጀመሪያው ፊደል አልወጣም። እኔ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ውዬ እግሬን እየጎተትኩ ስገባ፣ እሱን አንዲት ቃል አድክማው ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ያን ቀን ያደከመችው «አድቬንቸረስ» ነበረች።

ልጃችን ሻንጣዋን በሩ አጠገብ አቁማለች። የቢሮ ሥራዋን ለቃ፣ የስልክ ማማ ላይ እየወጡ አንቴና ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር ሥራ አግኝታለች። አገሩ ሩቅ ነው፤ አውቶቡሱ ጠዋት ይነሣል። «አባዬ ሂጂ ካላለኝ አልሄድም» ብላ ምላለች። አባትየው ደግሞ ሰሞኑን ጭጭ ብሏል። እውነቱን ለመናገር እኔ መሄዷንም መቅረቷንም ማሰብ ታክቶኛል፤ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ መተኛት ብቻ ነው ያማረኝ።

ልጅቷ ከኋላው ጎንበስ ብላ የጻፈውን አነበበች።

«"አድቬንቸረስ፦ አደጋ የማይፈራ፣ ደፋር። ምሳሌ፦ ደፋሩ ሰውዬ ገደል ገብቶ ሞተ።" ኧረ አባዬ!»

«ምን አጠፋሁ? ምሳሌ ነው።»

ወረቀቶቹን ወደ ኋላ ገለጠች። «አክሮባትህ ከገመድ ላይ ወድቋል። በጀልባ የሄደው ሰጥሟል። አንድ እንኳ በደህና የሚመለስ ሰው የለህም?»

«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» አልኩ ከወንበሬ ሳልነሣ። «በቃ እሱን ጻፍላት።»

ማንም አልሳቀልኝም።

ባሌ መነጽሩን አወለቀ። «ትርጉሙስ? እሱም ስህተት ነው በይኛ።»

«ነው እንጂ። አደጋ የማይፈራ ትላለህ። እኔ እኮ እፈራለሁ፣ አባዬ። የልምምዱ ቀን ማማው መሃል ላይ ብረቱን አቅፌ አልቅሻለሁ።»

ይህን ለእኔም አልነገረችኝም።

«ከፈራሽማ ቅሪያ!» ብሎ ብድግ አለ። ፊቱ ፈካ፤ የተገላገለ መስሎታል።

«እየፈራሁ ወጣሁት እኮ። ላይ ከደረስኩ በኋላ መውረድ አላሰኘኝም።»

ተመልሶ ተቀመጠ። መነጽሩን መልሶ አደረገና፣ «ወፍራም ልብስ ይዘሻል?» አላት። «ከፍታ ላይ ይነፍሳል።»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ሂጂ። በሰላም ግቢ፣ ልጄ።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የቀረ እቃዋን ልታሰናዳ ወደ ክፍሏ ስትገባ እሱ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን ተክሎ ቀረ።

«ይቺ ልጅ እየፈራች ትሄዳለች» አለኝ። «እኔ ፈርቼ የቀረሁበት ስንት አለ?»

ላጽናናው ፈልጌ ነበር፤ ድካም ግን ውሸት አያስወራም።

«እኔን እንኳ ታገቢኛለሽ ወይ ብለህ የጠየቅኸኝ በወንድምህ በኩል ነው» አልኩት።

«እምቢ ብትይኝስ ብዬ ነዋ።»

እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኩራት ይመስለኝ ነበር።