በሐዘን ክፍል የወጣው ምስጋና

ርሆቦት የምትሠራው ቤቷ ተቀምጣ ነው። ለቀራንዮ ሰፈር ሰው ደግሞ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ሥራ ፈት ነው፤ ምን ቢሉት አይሰማም! ለጥርስ ክሊኒክ፣ ለአስጎብኚ ድርጅት፣ ውጭ አገር ላሉ ሱቆች ሳይቀር ዌብሳይት ሠርታለች። ጽሑፉንና ፎቶውን በየጊዜው የምታድስላቸውም እሷው ናት። ለሰፈሩ ግን ያው ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ የምትውል ልጅ ነበረች።

ሰው ብለው የቆጠሯት አቶ ጥሩነህ ናቸው፣ የእድሩ ሰብሳቢ። እድሩ ዌብሳይት ይኑረው ሲባል ጸሐፊው መዝገቡ «ትልልቅ ድርጅት ሞልቶ ለዚች ልጅ?» ብሎ ተነሳ። አቶ ጥሩነህ ግን «ልጃችን እያለች የማን ደጅ ልንጠና ነው?» አሉና አፉን አስያዙት። ርሆቦት ይሄን ውለታ በምን እንደምትመልሰው ጨነቃት።

ሥራው ሲያልቅ መላ መጣላት። የአቶ ጥሩነህን ፎቶ አደረገችና ከሥሩ ስንቱን እንዳስታረቁ፣ በስንቱ ሐዘን ቀድመው እንደሚደርሱ፣ ደጋፊ ያጣን ልጅ አይተው እንደማያልፉ ጻፈች። ከዚያ ለቀቀችው። ወይ ጣጣ! «ዜና» የሚለውን ክፍል መምረጥ ሲገባት፣ ስትሞክረው የሰነበተችው «የሐዘን ማስታወቂያ» እንደተመረጠ ቀርቶ ኖሯል። በዚያ ክፍል የወጣ ነገር ደግሞ ወዲያው በየአባሉ ስልክ ይደርሳል። እንዲህ አድርጋ የሠራችው ራሷ ናት።

አንባቢው ቢጠራጠር ምን ነበረበት? ማን ይጠራጠራል! እኛ ሰፈር ሰው ከነፎቶው እንዲህ የሚመሰገነው ሲሞት ነዋ።

ርሆቦት ጉዷን ያወቀችው እናቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ውይ ጋሽ ጥሩነህ!» እያለች ስትወጣ ነው። በረረች። እሳቸው ደጅ ስትደርስ ድንኳኑ እየተወጠረ ነው፣ አግዳሚው እየወረደ ነው፣ ሴቶቹ ደረት እየመቱ ነው። ስልካቸው ተዘግቶ የዋለው አቶ ጥሩነህ ደግሞ ጎመን በፌስታል ይዘው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ገበያ ከች አሉ።

«ማነው የሞተው?» አሉ ተቆጥተው። «ደግሞ ለኔ ሳይነገረኝ?»

ጩኸቱን ተዉት! ነገሩ ሲጣራ ጸሐፊው መዝገቡ እንደ በርበሬ ቀላ። «አላልኳችሁም? ዛሬውኑ ሥራውን ታስረክብ!»

ርሆቦት ሥራው ይቅርና ምድር ብትውጣት በወደደች። የቆሙላትን አንድ ሰው በሰው ፊት ማዋረዷ ነው ያንገበገባት። «ይቅር ይበሉኝ ጋሽዬ» አለች፣ «ላመሰግንዎት ብዬ ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

ስልኳን አውጥታ ጽሑፉን ከፈተች።

«አንብቢልኛ!»

አነበበች። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ እየሰማ፣ እስከ መጨረሻው አነበበች። አቶ ጥሩነህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«መዝገቡ» አሉ፣ «አንተና እኔ የስንቱን የሕይወት ታሪክ አስነብበን ቀበርን። ከነሱ አንዱም የተባለለትን አልሰማም። እኔ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚች ልጅ ላይ ሥራዋን የሚነጥቅ ካለ፣ ድንኳኑም ተተክሏል፣ ሰውም መጥቷል፣ መጀመሪያ እኔን ይቅበረኝ!»