ባትላሜራው በር ውስጥ የደበቀው

ባትላሜራው የተጨማደደ ላሜራ እንደ ሸሚዝ ተኩሶ ይመልሳል ይሉታል፤ ውሸት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ያጋጨውን መኪና ሲያቃና ኖሯል። ክፋቱ ምን መሰላችሁ፣ አዲስ መኪና እንኳ ሲያይ ቀድሞ የሚታየው ግጭቱ ነው።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው አንድያ ልጁ አፍንጫዋ የተደፈጠጠ፣ ሁለት ወንበር ያላት የጃፓን ስፖርት መኪና አስጎትታ ጋራዡ ስታስገባ መዶሻውን አስቀመጠ።

"ምንድን ነው ያመጣሽብኝ?"

"መኪና ነዋ፣ አባዬ።"

"ይቺማ ጫማ ናት!"

እናትየው መኪናዋን አንዴ ዞረቻት። "እኔስ የት ልቀመጥ ነው? ጣሪያው ላይ?"

"ጣሪያውም ሸራ ነው፣ እማዬ።"

"ጉድ እኮ ነው!"

እናት አልተሳሳተችም። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አይችልም፤ መንገድ ላይ ጉብታ በመጣ ቁጥር ሆዷ ይፋቃል፤ ዝናብ ሲጥል ነጂው ትከሻ ላይ ጠብ ይላል። ሞተሯ ግን ማኩረፍ አያውቅም፤ በብርድም በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ነዳጅም ቢሆን ምሷ ትንሽ ነው። ከሁሉ በላይ ቀላል ናት። መሪውን ነካ ሲያደርጉት ዓይን ወዳየበት ትዞራለች። ልጅቷም የወደደቻት ለዚሁ ነው፤ የከተማው የነጂዎች ክለብ ባዶ ሜዳ ላይ በተደረደሩ የፕላስቲክ ኮኖች መሃል በሰዓት እየፈተነ ቡድኑን ይመርጣል፣ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ሕልም አልነበራትም።

ባትላሜራው መኪናዋን ሙሽራ አስመስሎ ሠራት። በሮቹን ከመግጠሙ በፊት ግን ማንም ሳያየው ሁለቱም ውስጥ ወፍራም ብረት በየደ፤ ከፊት ባምፐሩ ጀርባም አንድ ሌላ ጨመረ። "ልጅ እንደሆነች ያለችኝ እሷው ናት" አለ ለራሱ፣ ቀለሙንም ቀባበት።

በፈተናው ቀን ልጅቷ ወደቀች። መኪናዋ ዘግይታ እየዞረች ኮኑን ሁሉ አንጥፋ መጣች። ሌላ ዕድል በሚቀጥለው ቅዳሜ አለሽ አሏት። እሷ ግን ምሳ ላይ እጇን ዘርግታ ስታየው ቆየችና፣ "እጄ ነው የማይረባው። እሸጣታለሁ፤ መንዳቱንም እተወዋለሁ" አለች።

"እሰይ!" አለች እናት። "ባለ አራት ወንበር ግዢበት።"

ባትላሜራውም እሰይ ማለት ነበረበት። የፈለገው ሳይጠይቅ መጣለት፤ አፉን ቢዘጋ ልጁ ከዚያ ሜዳ ትቀርለታለች። ነገር ግን "እጄ አይረባም" ያለችውን እንዳልሰማ ማለፍ አልቻለም። ያንን እጅ መዶሻ ያስያዘው እሱ ነው፤ እንደማይንቀጠቀጥ ያውቃል። ጉርሻውን ሳይጨርስ ተነሳ።

"ነይ እስቲ" አላት።

ጋራዥ ገቡና የመኪናዋን በር የውስጥ ሽፋን ፈታላት። ብረቱን በጣቷ አንኳኳችው።

"ይሄ ከፋብሪካ የመጣ ነው?"

"ከኔ የመጣ ነው። ዘግይታ የዞረችውም በሱ ክብደት ነው።"

"አላመንከኝም ማለት ነዋ።"

"አንቺንማ አምናለሁ፣ ልጄ። ከፊትሽ የሚመጣውን ነው የማላምነው።"

"እና በገዛ እጄ እስካዝን ድረስ ዝም አልከኝ!" የጋራዡን በር በላዩ ላይ ዘግታ ወጣች።

ባትላሜራው በማግስቱ ብቻውን ብረቱን ሲቆርጥ ዋለ። ፈራ፣ ደግሞም አፈረ። የቆረጠውን ሰብስቦ ሊያነሳው ቢል ወገቡ እምቢ አለው። ይህን ሁሉ አሸክሟት ነው ለካ ሩጪ ያላት።

ልጅቷ ሁለት ቀን አኮረፈችው። በሦስተኛው፣ ከሥራ ስትመለስ ቁልፉን ይዛ ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

"ግባ።"

"እኔ?"

"ካልገባህ አልነዳም።"

ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አገናኝቶ ጋቢናዋ ውስጥ ተጣጠፈ። ሜዳው ላይ ደረሱ፤ ልጅቷ ኮኖቹን ደርድራ መንዳት ጀመረች። ባትላሜራው የሌለውን ፍሬን በእግሩ ይረግጣል፣ የበሩን እጀታ አንቆ ይዟል። የመጀመሪያው ኮን በጎኑ አለፈ፤ ሁለተኛውም። ፍርሃቱን ሳይጨርስ መኪናዋ ዞራ ትጠብቀዋለች። የልጁን እጅ አየ፤ መሪውን እንደ እንቁላል ነው የያዘችው፣ መኪናዋን ወደ ኮኖቹ ጠጋ አድርጋ ስታዞራት አንዲቱንም አልነካችም።

በጎን አየችው፤ እግሩን፣ የተጨነቀ ፊቱንም። ነዳጁን ቀነሰችለት። መኪናዋ ማዝገም ጀመረች፤ ለእሱ ብላ እንደሆነ ገባው።

የበሩን እጀታ ለቀቀና እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

"ጨምሪ" አላት።

"ምን አልክ?"

"ጨምሪያት እንጂ! ምን ትንፏቀቂያለሽ?"